ግማሽ ማርክ

አስራ አንድ ሰዓት ነው፤ ገና ሳይነጋጋ
ከአሞራ ገደል ዳር አንድ ጀልባ ተጠጋ።
"ቲቸር፣ ይግቡ!" አለኝ እጁን እየዘረጋ።
ዳንጊሶ ነው። ዘጠነኛ ቢ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
ሐይቁን ሲያይ የሚውል፣ ደብተሩን ሳያነብ።
አሁን መረብ አለው፣ አለው የራሱ ጀልባ፤
እኔ ግን ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ
አስም ደረቴ ውስጥ ያለ ኪራይ ገባ።
ሐኪሙ "የጠዋት አየር" ብሎ ጻፈልኝ፤
መድኃኒት ቤት የማይሸጥ፣
ተማሪዬ በነፃ የሚቀዝፍልኝ።

ትዝ አለኝ አንድ ፈተና፤ አምስተኛው ጥያቄ፦
"አየር ሲያጥረው ጡንቻ ምን ያመርታል?" ነበር።
ክፍሉ በሙሉ "ላክቲክ አሲድ" ብሎ ሸምድዶ ሲጽፍ
እሱ ብቻ መለሰ፦ "የሚናከስ ነገር"።
መምህራን ክፍል ወስጄ፣ አስነብቤ፣ ስቄ፣
በቀይ ሰረዝኩት። ዜሮ።

መሃል ሐይቁ ላይ ቁርስ አወጣ፣ በኮባ የጠቀለለው፤
እናቱ አምና ጉድጓድ ቆፍራ የቀበረችው፣
አየር እንዳይነካው በቅጠል አፍና ያኖረችው፣
ረቂቅ ነፍሳት በጨለማ ያለ ትንፋሽ የኖሩበት
ጎምዘዝ ያለ ዋሳ።
ያለ አየርም ይኖራል፤ ትርፉ ግን ምን አላት?
ከአንዷ ግሉኮስ ሁለት ቤሳ፤ አየር ካለ ሠላሳ።
ሂሳቡን ሳልጨርስ ከታቦር ነፋስ ተነሳ።

መረቡ ከበደ። ሁለት እጁም ተያዘ።
"ቲቸር፣ ይቅዘፉ!" አለ፤ ተማሪዬ አዘዘ።

ቀዘፍኩ።
አንድ፣ ሁለት፣ አስር። ሲጀመር ይቀላል፤
አየሩ እንደ ፈጣን ተላላኪ ይገባል፣ ይወጣል፤
የትናንት ራቴ ስኳር ሆኖ፣ በደሜ ላይ ተሳፍሮ፣
ከየሕዋሱ ደጃፍ ይወርዳል፣
እንደ ባጃጅ መንገደኛ ዞሮ ዞሮ።
በዚያ፣ በያንዳንዷ ጓዳ፣
"ማይቶኮንድሪያ" እያልኩ፣
እንደ ባቄላ እየሳልኩ በጥቁር ሰሌዳ
ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት
ነበልባል የሌለው እሳት፤
ጭሱ በአፍንጫ የሚወጣ፣ አመዱ ውሃ የሆነ፣
ስኳሩን ባንዴ ሳያነድ፣ ቁንጥር በቁንጥር የመጠነ።
የሚከፈለውም ኤቲፒ ነው፣ ዝርዝር ሳንቲም፤
ማንም አያጠራቅመውም፤ ለነገ አይሆንም።
አመዱ ውሃ! እኔ ውስጥ ይሠራል አሁን፣
ጠብታ በጠብታ፣ ከሐይቁ ሳልቀዳ።

ሃምሳ ላይ ደረቴ አፏጨ። በሩ ጠበበ፤
ምድጃው አየር ለምኖ፣ ለምኖ፣ ተራበ።
ያን ጊዜ መጣ፤
ከትከሻዬ በታች፣ ከክርኔ በላይ።
ስም አልነበረውም፤ ጥርስ ብቻ ነበረው።
ላክቲክ አሲድ አላልኩም።
"ኧረ በላኝ!" አልኩ፤ ድምፄን ሐይቁ መለሰው።

"ቀስ ብለው ይተንፍሱ" አለኝ፣ ወደ መረቡ እንደዞረ፤
"ዕዳ ነው። ሲከፈል ይለቃል።"
ይህን እኔ አላስተማርኩትም። ማን አስተማረ?

ተነፈስኩ። ከፈልኩ። ጥርሱ ቀስ እያለ ላላ።
እግሬ ሥር ቆሮሶዎቹ፣
በየጉንጫቸው ያለውን ቀይ መስኮት
ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤
በአየር ባሕር መሃል አየር አጥተው።
ዓይኔን አዞርኩ።

በረጠበ ጣቴ፣ በጀልባው ሳንቃ ላይ፣
ራይት ጻፍኩለት፤ ሙሉ ማርክ።
ለራሴ ግማሽ፤
ነካሹ አሲዱ ለመሆኑ
አዲሱ መጽሐፍ እንኳ ያመነታልና።
ፀሐይ ሳትወጣ ነፋሱ አደረቀው።

ዳርቻው ላይ አባኮዳዎች፣ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ፈታኝ፣
ቆመው ይጠብቁናል።
"ዳንጊሶ፣ ያቺ አምስተኛዋ ጥያቄ፣ የዘጠነኛ ክፍሏ..."
"የትኛው ፈተና?" አለ፣ አንጀቱን ለወፎቹ እየወረወረ፤
"ቲቸር፣ አምባዛም አለ፤ ይወስዳሉ?"
ብሎ ዓሣውን መቁጠር ጀመረ።